በሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ሥርዓትና የተማሪዎች ሕይወት፦ ከቅበላ እስከ ምረቃ

በሀገራችን የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሚለውን መጠሪያ ይዘው በማስተማር ላይ የሚገኙት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1993 የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ በሚል ስያሜ ሥራ ጀምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 አዳማ ዩኒቨርሲቲ ከተባለ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2011 የአሁኑን ስያሜ አግኝቷል። ሁለተኛው በዚያው ዓመት የተቋቋመውና በአዲስ አበባ አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሁለቱም ቀደም ሲል ለሳይንስና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ተጠሪ የነበሩ ሲሆን፣ በአሁኑ ጊዜ ተጠሪነታቸው ለትምህርት ሚኒስቴር ነው።

ከእነዚህ በተጨማሪ የምህንድስና ትምህርት በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ሥር በሚገኙ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቶች ይሰጣል። አምስት ኪሎ የሚገኘው የአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ መነሻው እ.ኤ.አ. በ1963 የተከፈተው ፖሊ ቴክኒክ የሆነው የባሕር ዳር ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ እንዲሁም የጅማ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ከእነዚህ መካከል ይጠቀሳሉ። ከዚህ በታች የተገለጸው አሠራር በአመዛኙ ለሁሉም የሚያገለግል ነው። ዝርዝሩ በየዩኒቨርሲቲው የሴኔት ሕግ የሚወሰን በመሆኑ ግን፣ ማንኛውም ተማሪ የራሱን ተቋም የሴኔት ሕግና የተማሪዎች መመሪያ ከሬጅስትራር ወይም ከተማሪዎች ዲን ጽሕፈት ቤት ጠይቆ ማንበብ ይኖርበታል።

አዲስ ገቢ ተማሪዎችና ወላጆች አብዝተው የሚጠይቁት ስለ መኝታና ስለ ምግብ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ተማሪን ከትምህርት ገበታው የሚለየው የመኝታና የምግብ ችግር ወይም ዝቅተኛ ውጤት ብቻ አይደለም፤ ያመለጠ የምዝገባ ቀን፣ ሳይሞላ የቀረ ቅጽ፣ ጊዜው ካለፈ በኋላ የቀረበ ቅሬታም ጭምር ነው። በመሆኑም ይህ ጽሑፍ በእነዚህ ጉዳዮች ላይ በስፋት ያተኩራል።

ቅበላና ምዝገባ

ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ተማሪ የ12ኛ ክፍል ሀገር አቀፍ ፈተና ወስዶ የማለፊያ ነጥብ ማግኘት አለበት። ሁለቱ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች ከዚህ በተጨማሪ ለተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች የራሳቸውን የመግቢያ ፈተና ይሰጣሉ። በእነዚህ ዩኒቨርሲቲዎች መማር የሚፈልግ ተማሪ ፈተናውን ለመውሰድ በወጣው ማስታወቂያ መሠረት ራሱ መመዝገብ ይኖርበታል። ከፍተኛ ውጤት ማምጣት ብቻውን ምዝገባውን አይተካም፤ የምዝገባው ጊዜም አጭር ነው።

ለምዝገባ የሚቀርብ ተማሪ በጥሪ ማስታወቂያው የተዘረዘሩትን የትምህርት ማስረጃዎች ዋናውንና ፎቶ ኮፒውን፣ ጉርድ ፎቶግራፎችን፣ እንዲሁም አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የትራስ ልብስና የስፖርት ትጥቅ ይዞ እንዲመጣ ይጠየቃል። በሕመም ወይም ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት በተባለው ቀን መድረስ ያልቻለ ተማሪ፣ ቀኑ ከማለፉ በፊት ለሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ማሳወቅና ማስረጃውን መያዝ አለበት። ከሩቅ አካባቢ የሚመጡ ተማሪዎች የመንገዱን ሁኔታ ግምት ውስጥ አስገብተው ቀደም ብለው ቢነሡ ይመረጣል።

የመጀመሪያው ዓመትና የትምህርት ክፍል ምርጫ

የምህንድስና ትምህርት የሚፈጀው አምስት ዓመት ነው። የመጀመሪያው ዓመት ግን ገና ምህንድስና አይደለም። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በሀገር አቀፍ ደረጃ ተግባራዊ በሆነው የአንደኛ ዓመት የጋራ ኮርሶች ሥርዓት መሠረት፣ ተማሪዎች ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ክህሎት፣ ሎጂክና ስልታዊ አስተሳሰብ፣ ሥነ ልቦና፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊና የመሳሰሉትን ኮርሶች ይወስዳሉ። መሐንዲስ ለመሆን የመጣ ተማሪ ስለ ሥነ ልቦና ወይም ስለ ጂኦግራፊ ሲማር «ይህ ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» ብሎ ችላ ማለቱ የተለመደ ነው። ጉዳቱ የሚታየው ግን በዓመቱ መጨረሻ ነው፤ ተማሪው የሚፈልገውን ትምህርት ቤት ወይም የትምህርት ክፍል የሚያገኘው ከምርጫው ጋር በተጓዳኝ በእነዚሁ ኮርሶች ባስመዘገበው ውጤት ተወዳድሮ ነውና። እንደ ሶፍትዌር ምህንድስና ያሉ ብዙ ተማሪ የሚሻቸው የትምህርት ክፍሎች የሚቀበሉት ውስን ቁጥር ነው። በአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ዘርፎች በሦስት ትምህርት ቤቶች የተደራጁ ናቸው፦ የሜካኒካል፣ የኬሚካልና የማቴሪያል ምህንድስና፤ የኤሌክትሪካል ምህንድስናና የኮምፒውቲንግ፤ እንዲሁም የሲቪል ምህንድስናና የአርክቴክቸር። የተግባራዊ ተፈጥሮ ሳይንስ ትምህርት ቤት አራተኛው ነው።

ውጤት እንዴት እንደሚሰላ በትክክል የሚያውቅ አዲስ ተማሪ ጥቂት ነው። ነጥቡ የሚያዘው ከ4.00 ሲሆን፣ በአብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች «ኤ» 4፣ «ኤ ማይነስ» 3.75፣ «ቢ ፕላስ» 3.5፣ «ቢ» 3፣ «ቢ ማይነስ» 2.75፣ «ሲ ፕላስ» 2.5፣ «ሲ» 2፣ «ሲ ማይነስ» 1.75፣ «ዲ» 1 ያስገኛል። እያንዳንዱ ነጥብ በኮርሱ የክሬዲት መጠን ይባዛል፤ ድምሩም ለጠቅላላ ክሬዲቱ ይካፈላል። ለምሳሌ አንድ ተማሪ በባለ 3 ክሬዲት ኮርስ «ቢ»፣ በባለ 4 ክሬዲት ኮርስ «ሲ»፣ በሌላ ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ «ኤ ማይነስ»፣ በሌላ ባለ 4 ክሬዲት ኮርስ ደግሞ «ሲ ፕላስ» ቢያገኝ፣ 9፣ 8፣ 11.25 እና 10 ተደምረው 38.25 ይሆናሉ። ይህ ለ14 ክሬዲት ሲካፈል 2.73 ይመጣል። ይኸው ተማሪ በመጨረሻው ኮርስ «ዲ» ቢያገኝ ኖሮ አማካዩ ወደ 2.30 ይወርድ ነበር። ክሬዲቱ ከፍ ባለ ኮርስ ላይ የሚደርስ አንድ መውደቅ የትምህርት ክፍል ምርጫን እስከ መለወጥ ሊደርስ እንደሚችል ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ከመጨረሻ ፈተና ውጭ ያለው ምዘና፣ ማለትም አጫጭር ፈተናዎች፣ የቤት ሥራ፣ የላብራቶሪ ሪፖርትና የአጋማሽ ፈተና፣ ከጠቅላላው ምዘና ብዙውን ጊዜ ግማሽ ያህሉን ይይዛል። ተማሪው ውጤቱን በየጊዜው እየጠየቀ መመዝገብ አለበት። በሴሚስተሩ ማብቂያ ላይ «የጎደለ ነጥብ አለኝ» ማለት፣ የታረመው ወረቀት በእጅ ከሌለ፣ ለማስረዳት የሚያስቸግር ነው።

ችግር ሲያጋጥም

አማካይ ውጤቱ ከ2.00 በታች የሆነ ተማሪ እንደ ውጤቱ መጠን የአካዳሚክ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል፣ ወይም ከትምህርት ይሰናበታል። ስንብት ሁልጊዜ የመጨረሻ አይደለም፤ የሴኔት ሕጉ በሚያስቀምጠው የነጥብ ገደብ ውስጥ ያለ ተማሪ መልሶ ቅበላ ማመልከት ይችላል። ማመልከቻው የሚቀርብበት ጊዜ በአካዳሚክ ካላንደሩ የተወሰነ በመሆኑ፣ ተሰናብቶ ወደ ቤተሰቡ የሄደ ተማሪ ካላንደሩን መከታተል ይገባዋል። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች «ኤፍ ኤክስ» ያገኘ ተማሪ ኮርሱን እንደገና ሳይማር ድጋሚ ፈተና መውሰድ ይፈቀድለታል፤ «ኤፍ» ያገኘ ግን ኮርሱን ይደግማል።

የመጨረሻ ፈተና ያመለጠው ተማሪ ውጤቱ «ኤን ጂ» ተብሎ ይመዘገባል። ይህ ጊዜያዊ ምልክት ነው። ተማሪው የሕክምና ወይም ሌላ በቂ ማስረጃ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ አቅርቦ ፈተናውን ካልወሰደ ወደ «ኤፍ» ይለወጣል። ታምሞ የተኛ ተማሪ ራሱ መምጣት ካልቻለ፣ የዶርም ጓደኛው ወይም ቤተሰቡ ለትምህርት ክፍሉ እንዲያሳውቁለት ያስፈልጋል። ውጤቱ ትክክል አይደለም የሚል ተማሪም በመጀመሪያ መምህሩን፣ ከዚያም የትምህርት ክፍሉን በጽሑፍ ይጠይቃል። ፈተናው በሌላ መምህር እንደገና እንዲታረም የሚቀርብ ጥያቄ ውጤት ይፋ ከሆነ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ መድረስ አለበት። ቅሬታ ማቅረብ መብት ነው፤ በዚህ ምክንያት ተማሪ ላይ ጉዳት ሊደርስበት አይገባም።

ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚሻው ግን ትምህርትን የማቋረጥ ጉዳይ ነው። በሕመም፣ በቤተሰብ ሞት፣ በገንዘብ ችግር ወይም በአካባቢ የጸጥታ ሁኔታ ምክንያት ትምህርቱን መቀጠል ያቃተው ተማሪ ሻንጣውን ይዞ በዝምታ ከግቢ ሲወጣ ይስተዋላል። ይህ አካሄድ ዋጋ ያስከፍላል። ቅጽ ሞልቶ፣ በእጁ የሚገኝ የዩኒቨርሲቲ ንብረት አስረክቦና ክሊራንስ ጨርሶ የወጣ ተማሪ ቦታው ተጠብቆለት በሚቀጥለው ዓመት በተመሳሳይ ሴሚስተር ሊመለስ ይችላል፤ የጀመራቸው ኮርሶችም በ«ኤፍ» አይመዘገቡበትም። ሳያሳውቅ የጠፋ ተማሪ ግን ያልተፈተነባቸው ኮርሶች ውጤቱን ያበላሹበታል፤ ለመመለስ ሲጠይቅም ስለ መጥፋቱ አጥጋቢ ምክንያት ማቅረብ ይጠበቅበታል። የሁለቱ ተማሪዎች ችግር አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ግማሽ ቀን የሚወስድ የወረቀት ሥራ ነው። ልጃቸው ድንገት ወደ ቤት የተመለሰባቸው ወላጆችም በቅድሚያ ሊጠይቁት የሚገባው የማቋረጫ ቅጽ መሙላቱን ነው። ካልሞላ፣ በሴኔት ሕጉ የተቀመጠው ጊዜ እስካላለፈ ድረስ ተመልሶ ሊያሟላ ይችላል።

የግቢ ሕይወት

መኝታ፣ ምግብና መሠረታዊ የጤና አገልግሎት በዩኒቨርሲቲው ይቀርባሉ። ዶርም የሚመደበው በተማሪዎች ዲን ጽሕፈት ቤት ሲሆን፣ በየሕንፃው ያሉ ፕሮክተሮች የዕለት ተዕለት ጉዳዮችን ይከታተላሉ። በዶርም ውስጥ በኤሌክትሪክ ምድጃ ማብሰል፣ ጫትና አልኮል ማስገባት የተከለከለ ነው። በተለያየ ቋንቋና ባህል ያደጉ ወጣቶች በአንድ ክፍል መኖራቸው ለብዙዎች የዩኒቨርሲቲ ሕይወት ትልቁ ትምህርት ይሆናል። መጀመሪያ ላይ ግን ስለ መብራት ማጥፊያ ሰዓት መስማማት እንኳ ቀላል አይደለም። በተማሪዎች መመገቢያ መጠቀም የማይፈልጉ ተማሪዎች፣ አሠራሩ ባለበት ተቋም፣ በዓመቱ መጀመሪያ አመልክተው የምግቡን ወጪ በገንዘብ ይወስዳሉ። ሴት ተማሪዎችና አካል ጉዳተኛ ተማሪዎች የሥርዓተ ፆታና የልዩ ፍላጎት ጽሕፈት ቤቶች የሚሰጧቸውን የማጠናከሪያ ትምህርትና ሌሎች ድጋፎች እንዲጠቀሙ ይመከራል። ትንኮሳ ወይም ጥቃት የደረሰባት ተማሪም አቤቱታዋን ለእነዚሁ ጽሕፈት ቤቶች ማቅረብ ትችላለች።

የተግባር ልምምድ፣ የመውጫ ፈተናና የምረቃ ማስረጃ

የምህንድስና ተማሪዎች በአብዛኛው በአራተኛ ዓመት አካባቢ በፋብሪካ፣ በግንባታ ቦታ ወይም በድርጅት ተመድበው የተግባር ልምምድ ያደርጋሉ። ልምምዱ ክሬዲት ያለው ነው። ውጤቱም በድርጅቱ ኃላፊና በዩኒቨርሲቲው አማካሪ መምህር በጋራ ይሰጣል። ቦታ መፈለግ በተማሪው ላይ በሚወድቅበት ጊዜ የትብብር ደብዳቤውን ከትምህርት ክፍሉ ቀድሞ መውሰድ ይጠቅማል፤ ሁሉም ተማሪ በአንድ ሳምንት ወደ ድርጅቶች ሲጎርፍ ቦታው ቶሎ ይሞላልና። በአምስተኛው ዓመት የመመረቂያ ፕሮጀክት ይሠራል።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥትም ሆነ በግል ተቋማት የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርታቸውን የሚያጠናቅቁ ተማሪዎች ሀገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ይወስዳሉ። ፈተናው በኮምፒውተር የሚሰጥ ሲሆን የማለፊያ ነጥቡ 50 በመቶ ነው። ሁሉንም ኮርሶች በጥሩ ውጤት ያጠናቀቀ ተማሪም ይህን ነጥብ ካላገኘ ዲግሪ አይሰጠውም፤ በድጋሚ የመፈተን ዕድል ግን አለው። ጥያቄዎቹ ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ የተወሰዱ ዋና ዋና ኮርሶችን ጭምር ስለሚያካትቱ ደብተሮችንና የታረሙ ፈተናዎችን ጠብቆ ማቆየት ይገባል።

ተመራቂው ዋናውን ዲግሪ ለመውሰድ የወጪ መጋራት ግዴታውን ማጠናቀቅ ይኖርበታል። እ.ኤ.አ. በ2003 በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ በተጀመረው በዚህ ሥርዓት መሠረት፣ ተማሪው የምግብና የመኝታ ወጪን ሙሉ በሙሉ፣ የትምህርቱን ወጪ ደግሞ በከፊል ይጋራል። ክፍያው ከተመረቀና ሥራ ከያዘ በኋላ ከደመወዙ እየተቆረጠ ሊፈጸም ይችላል። የውል ቅጹ በየዓመቱ የሚሞላ በመሆኑ አንድ ቅጂ በተማሪው እጅ መቅረት አለበት፤ በክሊራንስ ጊዜ የአንድ ዓመት ቅጽ ጎድሎ መገኘት ተመራቂዎችን ለብዙ ቀናት ያመላልሳል። ክፍያው እስኪጠናቀቅ ድረስ ተመራቂው በጊዜያዊ ዲግሪ ሥራ መፈለግ ይችላል። ጊዜያዊ ዲግሪውን ለመቀበል ተመራቂው መታወቂያና የተጠናቀቀ የክሊራንስ ቅጽ ይዞ በሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት በአካል ይቀርባል። መምጣት ያልቻለ ደግሞ ሕጋዊ ውክልና ባለው ሰው አማካይነት ሊወስድ ይችላል።