የክረምት ዝውውር (የኢትዮጵያ እግር ኳስ)

የክረምት ዝውውር የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ክለቦች በሁለት የውድድር ዘመናት መካከል ተጫዋቾችን የሚያስፈርሙበት፣ የሚያሰናብቱበትና ውል የሚያድሱበት ወቅት ነው። በአውሮፓ ተጫዋቹን የሚለቅ ክለብ ብዙ ጊዜ የዝውውር ሂሳብ ይቀበላል። በኢትዮጵያ ግን አጫጭር ውሎች የተለመዱ ስለሆኑ፣ ተጫዋቹ አብዛኛውን ጊዜ ውሉን ጨርሶ በነፃ ይሄዳል። በዚህም የተነሳ የደጋፊዎች ክርክር «ማን ይምጣ?» ብቻ ሳይሆን «ማን ይቆይ?» የሚልም ነው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ኢትዮጵያ ቡና ነው። ክለቡ ለ2012 ዓ.ም. የውድድር ዘመን የቀድሞ ተጫዋቹን ካሳዬ አራጌን በአሰልጣኝነት ቀጥሮ፣ ኳስን ከኋላ መሥርቶ የሚጫወት ቡድን መገንባት ጀመረ። በ2013 ዓ.ም. አጥቂው አቡበከር ናስር 29 ግቦች በማስቆጠር የጌታነህ ከበደን የ25 ግብ ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ቡና ግን ከፋሲል ከነማ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆነ። በ2014 ዓ.ም. ክረምት አቡበከር ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሲሄድ አሰልጣኙም ተለያየ። ያን ያህል ግብ በአንድ ፈራሚ መተካት ስለማይቻል፣ ጥያቄው ስም ያለው አጥቂ ይፈለግ ወይስ ወጣቶች ይታመኑ የሚል ነበር።

ጅማ አባ ጅፋርም ወደ ሊጉ ባደገበት በ2010 ዓ.ም. ዋንጫውን አንሥቶ በ2014 ዓ.ም. ወርዷል።

የደመወዝ ንረትን ለመግታት በ2011 ዓ.ም. ክረምት የተጫዋቾች ወርሃዊ ደመወዝ ጣሪያ 50,000 ብር እንዲሆን ተወስኖ ነበር።