ጡት፣ ጡጦ እና የዑመር (ረ.ዐ) አዋጅ

በኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ዘመን የነጋዴዎች ቅፍለት መዲና ገብቶ ሰፈረ። ዑመር ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍን (ረ.ዐ) ይዘው ሌሊቱን ሊጠብቋቸው ወጡ። ታሪኩን ኢብኑ ሰዕድ በ«ጦበቃት» ዘግበውታል። በመሀል የሕፃን ለቅሶ ሰሙና ወደ እናቲቱ ሄደው ልጇን እንድታባብል መክረው ተመለሱ። ለቅሶው ግን አልቆመም፤ ደግመው ሄዱ። ሌሊቱ ሊያልቅ ሲል ለሦስተኛ ጊዜ ሄደው ተቆጧት። ሴትየዋ ማን እንደሚያናግራት አታውቅም። ሌሊቱን ሙሉ እንዳስቸገሯት ነግራ፣ ልጁን ጡት እያስጣለችው እንደሆነና እሱ እምቢ እንዳላት ገለጸችላቸው። ለምን ቢሏት፣ ዑመር ድጎማ የሚቆርጠው ጡት ለጣለ ልጅ ብቻ ስለሆነ ነው አለች። ልጁ ገና በወራት የሚቆጠር ነበር።

የዚያን ዕለት ሱብሒን ሲያሰግዱ ከለቅሷቸው የተነሳ ቂርኣታቸው በቅጡ አልተሰማም። ሰላት እንዳበቃ በእሳቸው ሰበብ ስንት የሙስሊም ሕፃን እንደሞተ በማሰብ ራሳቸውን ወቀሱ፤ አዋጅም አስነገሩ። ከእንግዲህ ድጎማው ከተወለደበት ጊዜ ጀምሮ ነው፣ ጡት ለማስጣል አትቸኩሉ ተባለ። ትእዛዙ ለየግዛቱም ተጻፈ።

ይህን ታሪክ የዑመርን ርኅራኄ ለማሳየት ሲነገር ብዙዎቻችን ሰምተናል። እኛን ይበልጥ የሚገርመን ግን ሌላው ገጽታው ነው። እናቲቱ ጨካኝ አልነበረችም፤ እጇን የጠመዘዘው የድጎማው ደንብ ነበር። ዑመርም መጀመሪያ የተቆጡት እሷን ነው፤ በመጨረሻ የቀየሩት ግን የራሳቸውን ደንብ ነው።

ዲናችን ሌላ አጥቢ መያዝን አልከለከለም። ማጥባቱን መሙላት ለፈለገ ሁለት ሙሉ ዓመት የሚለው አንቀጽ (አል-በቀራህ 233) በአጥቢ ማስጠባትንም ይፈቅዳል። ነብያችንም (ሰ.ዐ.ወ) ሐሊማ አስ-ሰዕዲያ ዘንድ ጠብተዋል።

ከ1300 ዓመት ገደማ በኋላ ደግሞ የእናቶችን እጅ የሚጠመዝዘው ገበያው ሆነ። እ.ኤ.አ በ1867 ሄንሪ ኔስሌ ስዊዘርላንድ ውስጥ የሕፃናት ምግብ ዱቄት ለገበያ አቀረበ። የእናት ጡት ላጣ ሕፃን እንዲህ ያለው ምግብ ደራሽ ነበር። ችግሩ የመጣው ኩባንያዎች ወደ እስያና አፍሪካ ሲዘልቁ ነው። የነርስ ልብስ የለበሱ ሻጮች ወላዶች ዘንድ እየሄዱ የዱቄት ወተት በነጻ ያድላሉ። ጡት ወተት የሚያመነጨው ሕፃኑ በጠባው ልክ ነው፤ ነጻው ቆርቆሮ እስኪያልቅ የእናትየው ጡት ይደርቃል። ከዚያ በኋላ መግዛት ግድ ነው። ገንዘብ ሲያጥራት ታቀጥነዋለች። ውሃው ካልፈላ፣ ጡጦውም ካልጸዳ ተቅማጥ ይከተላል።

ዶክተር ሲስሊ ዊሊያምስ ይህን አደጋ እ.ኤ.አ በ1939 ሲንጋፖር ላይ ተናግራለች፤ የንግግሯን ርዕስ ያለ ምንም ማለሳለስ «ወተትና ግድያ» አለችው። የሰማት ግን ጥቂት ነበር። እ.ኤ.አ በ1974 ብሪታንያ ውስጥ «ሕፃን ገዳዩ» የተባለ በራሪ መጽሐፍ ወጣ፤ በ1977 አሜሪካ ውስጥ የኔስሌን ምርት ያለመግዛት ዘመቻ ተጀመረ። በ1981 የዓለም ጤና ጉባኤ በ118 ድምፅ አንድ ደንብ አጸደቀ። የተቃወመችው አሜሪካ ብቻ ነበረች። ደንቡ የዱቄት ወተት እንዳይሸጥ አይከለክልም፤ ለሕዝብ ማስተዋወቅንና ለእናቶች ነጻ ናሙና መስጠትን ግን ይከለክላል።

እኛ አገር ጤና ባለሙያዎች እስከ 6 ወር ጡት ብቻ ይላሉ። በ2011 ዓ.ም የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው ፈቃድ 90 ቀን ነው። እናት ሥራ ስትገባ ጡጦውን የምትይዘው አያት ወይም የቤት ሠራተኛ ናት።