የላዳ ሞተር ዕድሜ በምን ረዘመ?

ከአስኮ ተነሥቶ በኮንትራት ላዳ ሕመምተኛ ሐኪም ቤት ያላደረሰ ከመካከላችን ጥቂት ነው። ይህች መኪና የሶቪየት ኅብረትና የጣሊያኑ ፊያት በ1958 ዓ.ም. የተዋዋሉት ውል ፍሬ ናት፤ መሠረቷ ፊያት 124 ሲሆን መመረት የጀመረችው በ1962 ዓ.ም. ነው። በደርግ ዘመን በብዛት ስትገባ፣ ካንዴላና ፍሪሲዮን የሚለውን ቃል ቀድሞ ከጣሊያን ለወረሰው መካኒካችን ብዙ እንግዳ አልሆነችበትም።

የዕድሜዋ ምስጢር ሲሊንደሩ ላይ ነው። የመጀመሪያው ላዳ ሲሊንደር ስፋቱ 76 ሚሊ ሜትር ነበር። ሲበላ አይጣልም፤ ወደ 76.4፣ ኋላም ወደ 76.8 በማሽን ሰፍቶ በልኩ ፒስተንና ፋሻ ይገባለታል። ሞተሩ ሁለቴ ታደሰ ማለት ነው።

ታዲያ ጉልበት ስላነሰው ብቻ ሞተር አይውረድ። አስቀድሞ የየሲሊንደሩ ኮምፕሬሽን ይለካ። በደከመው ላይ ጥቂት ዘይት ጠብ አድርጎ እንደገና መለካት ነው፤ ከፍ ካለ የተበላው ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ ነው። ካላለ ግን ጣጣው ከቫልቩ በኩል ስለሚሆን ቴስታታውን ብቻ ማውረድ ሊበቃ ይችላል፤ ወጪውም በዚያው ልክ ይቀንሳል።

በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ስለ ተከለከለ፣ ያለንን ሞተር መጠበቅ የቤታችንን እንጀራ መጠበቅ ነው እንላለን።