እግሩ ነው ወይስ መኪናው?

«ፍሬን በጠሰበት።» ከአሰላ ወደ አዳማ በሚወርደው መንገድ አደጋ ሲደርስ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሰማው ወሬ ይሄ ነው። ወዲያው ደግሞ ሌላው «ኧረ ሾፌሩ ነው!» ይላል። ክርክሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ አንድ ሰው እስር ቤት ይገባል ወይስ ጋራዡና ፋብሪካው ይጠየቃሉ የሚለው በዚህ ይወሰናል።

መጀመሪያ ቁልቁለቱን እንይ። አሰላ ከባህር ወለል በላይ ወደ 2,430 ሜትር ላይ ናት፣ አዳማ ደግሞ ወደ 1,700። 10 ቶን የሚመዝን የጭነት መኪና ይህን ሁሉ ሲወርድ ወደ 70 ሚሊዮን ጁል ጉልበት የሆነ ቦታ መጣል አለበት። ይህ ባለ 200 ሊትር በርሜል ሙሉ ውሃ ለማፍላት ይበቃል! ሾፌሩ በከባድ ማርሽ ከወረደ ሞተሩ ብዙውን ይሸከምለታል። ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ በዜሮ ማርሽ ከለቀቀው ግን ሙቀቱ ፍሬኑ ላይ ይከመራል። ፍሬን ከመጠን በላይ ሲግል ደግሞ መያዝ ያቆማል። ስለዚህ «በጠሰ» ከምንላቸው ውስጥ ምንም ያልተበጠሰባቸው አሉ።

ከዚህ የሚለይ ሌላ አቤቱታ አለ፦ «እኔ ሳልነካው መኪናው ተፈተለከ።» ድሮ ይሄ ብዙም አያከራክርም ነበር። የነዳጅ መስጫው ገመድ ቢይዝ እንኳ ሾፌሩ ፍሪሲዮን ይረግጣል፣ ሞተሩ ይጮሃል እንጂ መኪናው አይሄድም። አውቶማቲክ መኪና ግን ሦስተኛ ፔዳል የለውም።

ትልቁ ክርክር የተነሳው አሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ሲቢኤስ ቴሌቪዥን ኦዲ 5000 የተባለው መኪና ከቆመበት በራሱ እየተነሳ ሰው ይገጫል የሚል ፕሮግራም አሰራጨ። ሲሠራ የታየው መኪና ግን ማርሽ ሳጥኑ ተበስቶ ከውጭ ግፊት የተሰጠው ነበር። ይሄን ሳይሉ ማሳየታቸው፣ በእኔ እይታ፣ ነውር ነው። በ1989 የመንግሥት ጥናት ወጣና አብዛኞቹ ሾፌሮች ፍሬን የረገጡ እየመሰላቸው ነዳጅ ረግጠዋል አለ። ነገሩ እዚህ ላይ አላበቃም። ያው ጥናት የሥራ ፈት ዙሩን የሚቆጣጠረው መሣሪያ አንዳንዴ ሞተሩን ድንገት ከፍ እንደሚያደርገው፣ ሾፌሩም በዚያ ደንግጦ ሊሳሳት እንደሚችል ጠቅሷል። ኦዲ ደግሞ ከጥናቱ በፊት ጀምሮ ፍሬን ሳይረገጥ ማርሹ እንዳይወጣ የሚቆልፍ ነገር ጨምሮ ነበር። እግር የሚሳሳት ከሆነ ማሽኑን እንዲጠብቀው ማድረግ ይቻላል ማለት ነው።

ቀጥሎ ቶዮታ መጣ። ነሐሴ 2009 ሳንዲያጎ አጠገብ በውሰት የተወሰደ ሌክሰስ አልቆም ብሎ 4 ሰዎች ሞቱ። የተገኘው ምክንያት የሚያናድድ ነው፦ የሌላ ሞዴል የእግር ምንጣፍ ነዳጅ መስጫውን ይዞት ነበር። ከዚያ ሰው ሁሉ ኮምፒውተሩን መጠርጠር ጀመረ። የናሳ መሐንዲሶች ከ280,000 በላይ የሶፍትዌር መስመር መረመሩ፤ በ2011 ባወጡት ሪፖርት ጥፋቱ የኤሌክትሮኒክሱ ስለመሆኑ ማስረጃ አላገኘንም አሉ፣ «አይቻልም» ግን አላሉም። እንዲያውም አንዳንድ ፔዳል ውስጥ ከቆርቆሮ የበቀሉ፣ ኮንታክት ሊፈጥሩ የሚችሉ ጸጉር መሰል ነገሮች አግኝተዋል። በ2013 ኦክላሆማ ላይ አንድ ባለሙያ ሶፍትዌሩ ነዳጁን ክፍት አድርጎ ሊተወው እንደሚችል መስክሮ፣ ዳኞቹ ለተጎጂዎች ፈረዱ። ቶዮታ በ2014 ለአሜሪካ መንግሥት 1.2 ቢሊዮን ዶላር የከፈለው ግን በሶፍትዌር ሳይሆን ስለ ምንጣፉና ስለሚጣበቀው ፔዳል ሕዝብ በማሳሳቱ ነው።

የኛን አገር በጣም የነካው ተመሳሳይ ክርክር መኪና ላይ አይደለም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ከተነሳ 6 ደቂቃ ሳይሞላው ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። በግራ በኩል ያለው የአንግል መለኪያ 74.5 ዲግሪ ሲል የቀኙ 15.3 ይላል፤ ኤምካስ የተባለው ሥርዓት ግን አንዱን ብቻ አምኖ አፍንጫውን ወደ ታች ገፋ። ያኔም የውጭ ሰዎች ጣት ወደ አብራሪዎቹ ተቀሰረ። እውነት ነው፣ የሞተሩ ጉልበት ከመነሻው አልተቀነሰም ነበር፤ ፍጥነቱም መሪውን በእጅ ማስተካከል አክብዶታል። ግን መቼ? ማስጠንቀቂያዎቹ በአንድ ላይ እየጮሁ፣ መሪው እየተንቀጠቀጠ። መለኪያው ለምን ተበላሸ በሚለው እንኳ እስከ ዛሬ ስምምነት የለም። የኢትዮጵያ መርማሪዎች በታኅሣሥ 2022 (እ.ኤ.አ.) የመጨረሻ ሪፖርታቸው የኤሌክትሪክ ችግር ነው አሉ፣ የአሜሪካኖቹ ደግሞ ወፍ ሳይመታው አይቀርም አሉ።

እኔን ከሁለቱም ወገን የሚለየኝ ይሄ ነው፦ «ሰውየው ተሳሳተ» የሚለው መልስ ምርመራውን መዝጋት የለበትም። ያ ስህተት ለምን ቀላል ሆነ ብሎ መቀጠል አለበት። እነ ኦዲ የማርሽ ቁልፍ፣ አሁን ደግሞ ፍሬንና ነዳጅ አብረው ሲረገጡ ነዳጁን የሚቀንሰው ሶፍትዌር የመጡት በዚህ መንገድ ነው።

እዚህ የሚነዱት ብዙዎቹ አገልግለው የገቡ መኪኖች ግን ያ ሶፍትዌር የላቸውም። አውቶማቲክ እየነዳችሁ ነዳጅ መስጫው ቢይዝባችሁ ፍሬኑን አንዴ አጥብቃችሁ ረግጣችሁ ያዙ። እየለቀቃችሁ ደጋግማችሁ አትምቱት፤ ቤንዚን ሞተር ሙሉ ነዳጅ ሲሰጠው ፍሬኑን የሚያግዘው የአየር ስበት አይሞላም፣ በየምቱ የተጠራቀመው ያልቃል፣ ፔዳሉም እንደ ድንጋይ ይሆናል። ማርሹን ወደ ዜሮ፣ «ኤን» ወደሚለው ፊደል ግፉት። ሞተሩ ይጩህ ተዉት። ቁልፉን ሙሉ በሙሉ መንቀል ግን መሪውን ሊቆልፈው ስለሚችል እስክትቆሙ አትንኩት።