ሐዲድና መንበር፦ በጠመንጃ ጎን ስለሚገጠመው የመነጽር ማኖሪያ ስያሜ

ከባምቢስ ወደ ካዛንቺስ፣ ከካዛንቺስም ወደ ለገሃር በእግሩ የሚሄድ ሰው በአጭር መንገድ ውስጥ ከሦስት የባሕር ማዶ ልሳኖች የተወለዱ ሦስት የሰፈር ስሞችን ያቋርጣል፤ ባምቢስ የሱፐርማርኬቱን ስም ካወረሰው የግሪክ ሰው፣ ካዛንቺስ ጠላት አዲስ አበባን ይዞ በቆየበት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ዘመን ለጣልያን መንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ከሠራውና በአጭሩ «ኢንቺስ» ከሚባለው ድርጅት፣ ለገሃርም ፈረንሳዮች የባቡሩን ጣቢያ «ላ ጋር» ብለው ከመጥራታቸው የተገኙ ናቸውና። ዛሬ ግን ከእነዚህ ስሞች አንዱን እንኳ ባዕድ ነው ብሎ የሚሸሽ የለም፤ የሕዝቡ አንደበት አለዝቦና አሳጥሮ የራሱ አድርጎአቸዋልና።

በጦር መሣሪያ ስም ላይም አባቶቻችን የሠሩት ይህንኑ ነው። የፈረንሳዩ «ፉዚ ግራ» ውጅግራ፣ የኦስትሪያው «ማንሊኸር» ምንሽር ተብሎ በሽለላውም በቀረርቶውም ገብቶ ቀርቶአል። ነገር ግን ልብ ሊባል የሚገባው ምሥጢር አለ፤ የጠመንጃውን ስም ከባዕድ የተቀበለው ያው ሕዝብ፣ ወደ ጠመንጃው ብልቶች በወረደ ጊዜ አብዛኛውን ከገዛ ቋንቋው አወጣ። ጥይቱ የሚወጣበትን አፈሙዝ፣ በትከሻ የሚደገፈውን ሰደፍ፣ በጣት የሚሳበውን ምላጭ፣ ተተኩሶ የሚወድቀውን ባዶ ቀፎ ቀለህ አለ። ስለዚህ መሣሪያው በመጣበት አገር ስም ቢጠራ ነውር የለበትም፤ ብልቱ ግን በግብሩ መጠራት ይገባዋል፤ ብልቱን በየዕለቱ የሚነካው፣ የሚያጸዳውና የሚያስተካክለው ባለቤቱ ስለሆነ፣ ምን እንደሚሠራ ስሙ ራሱ ሊነግረው ያስፈልጋልና። በዚህ ጽሑፍ ስያሜ የምናቀርብለት ነገር ከእነዚህ ብልቶች አንዱ ነው።

በእንግሊዝኛ «ሳይድ ሬይል» የሚባለው፣ በጠመንጃው ግራ ጎን፣ መቀርቀሪያውና የምላጩ አሠራር በሚቀመጡበት የብረት ገላ ላይ በብሎን ወይም በሪቬት የሚጣበቅ አጭርና ጠንካራ ብረት ነው። ውጫዊው ጠርዙ ከሥሩ ይልቅ ሰፋ ያለ ስለሆነ፣ በላዩ ተንሸራቶ የሚገባውን ሌላ ብረት ወደ ጎን እንዳይላቀቅ ይዞ ያስቀረዋል። ያ ሌላው ብረት ደግሞ በእንግሊዝኛ «ማውንት» የሚባለው ሲሆን፣ በአንድ ወገን የመጀመሪያውን ብረት በመቆለፊያ ጨብጦ፣ በሌላው ወገን ክንዱን ወደ ላይ አጥፎ የማነጣጠሪያውን መነጽር ከአፈሙዙ መሥመር በላይ የሚሸከም ነው። በገበያችንም ሆነ በባሕር ማዶ ባሉ ወገኖቻችን ዘንድ ሁለቱ ብዙ ጊዜ በአንድ ቃል «መያዣ» እየተባሉ ስለሚጠሩ፣ አንዱን የፈለገ ሌላውን ገዝቶ ይገባል፤ በጠመንጃው ላይ የመጀመሪያው ብረት የሌለው ሰው ሁለተኛውን ብቻ ይዞ ይቀራል፤ የመጀመሪያው ያለው ደግሞ ከእርሱ ቅርጽ ጋር የማይስማማ ሁለተኛ ብረት ገዝቶ ያለ ጥቅም ያስቀምጣል።

እንግዲህ ለመጀመሪያው «የጎን ሐዲድ»፣ ለሁለተኛው «መንበር»፣ ወይም በሙሉ አጠራሩ «መንበረ መነጽር» የሚሉትን ስያሜዎች አቀርባለሁ። ሐዲድ የሚለው ቃል ከጅቡቲ የተነሣው ምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ በሁሉ አፍ ያለ ነው፤ ፉርጎ በሐዲድ ላይ እንደሚሄድና ከሐዲዱ ሳይወጣ እንደሚቆም ሁሉ፣ መንበሩም በዚህ አጭር ብረት ላይ ተንሸራቶ ገብቶ በቦታው ይቆለፋልና ስሙ ለግብሩ ይስማማል። መንበር ደግሞ «ነበረ»፣ ማለት ተቀመጠ፣ ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ሲሆን፣ መነጽርም «ነጸረ»፣ ማለት አየ ወይም ተመለከተ፣ ከሚለው የግእዝ ግሥ የተገኘ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱ ቃላት ጎን ለጎን ሲቆሙ እንደ ወንድማማች ይግባባሉ። መንበር የሚለው ቃል ታቦት ከሚቀመጥበት ከቅዱሱ መንበር ጋር ስለሚገናኝ ለጦር መሣሪያ ማዋሉ የሚከብደው አንባቢ ቢኖር ስሜቱን አከብራለሁ፤ ሆኖም ሊቀ መንበር ስንል የማኅበርን አለቃ፣ መንበረ መንግሥት ስንልም የንጉሥን ዙፋን እያልን፣ ቃሉን ከቤተ መቅደስ ውጭ ለክብር መቀመጫ ሁሉ ስንጠቀምበት ኖረናልና ለመነጽር መቀመጫ መዋሉ አዲስ ድፍረት አይሆንም። «እርካብ» የሚለውን ቃልም መዝኜው ነበር፤ ነገር ግን እርካብ እግር ረግጦት የሚያልፈው ነገር እንጂ ሌላውን ነገር አጽንቶ የሚይዝ ባለመሆኑ ትቼዋለሁ።

ስለ ስሙ ይህን ካልን፣ ስለ ነገሩ መናገር ይገባናል፤ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ መነጽር ከላይ መታሠር ሲችል ስለ ምን በጎን ይታሠራል የሚለው ነው። ለዚህ መልስ የሚሆን ምሳሌ በገዛ ታሪካችን ውስጥ አለ። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮርያ የዘመተው የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ከአሜሪካን 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፎ ሲዋጋ በእጁ የነበረው ጠመንጃ ኤም 1 ጋራንድ ነበር። ጋራንድ ስምንት ጥይት በአንድ የብረት ማቀፊያ ታሥሮ ከላይ ወደ ታች ተጭኖ የሚጎርስ፣ ጥይቱም ሲያልቅ ባዶውን ማቀፊያ በዚያው በላይኛው ደጅ አስፈንጥሮ የሚያወጣ መሣሪያ ነው። በዚህ ደጅ ላይ መነጽር ቢጋረጥበት ጠመንጃው አይጎርስም፤ አይተፋምም። ስለዚህ አሜሪካኖች ለአልሞ ተኳሾቻቸው እ.ኤ.አ. በ1944 ኤም 1 ሲ የተባለውን ዓይነት ሲያወጡ፣ ግሪፊን ኤንድ ሐው የተባለው የጠመንጃ ሠሪዎች ቤት ያዘጋጀውን ሐዲድ በግራ ጎኑ ላይ አጣብቀው፣ መነጽሩን በመንበር ወደ ግራ አስወጥተው አኖሩት፤ ተኳሹም ጉንጩን ወደ ግራ ማዘንበል ስለሚኖርበት በሰደፉ ላይ የቆዳ ድጋፍ ታሰረለት። መነጽሩ ከነመንበሩ ሲወርድ ሐዲዱ ብቻ በጠመንጃው ላይ ይቀራል። ከላይ ያስቀመጥነው የሁለቱ ስሞች ልዩነት በዚህ መሣሪያ ላይ በዓይን የሚታይ ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሶቪየቶች ለሩስያው የሞሲን ጠመንጃም መነጽሩን የሚሸከመውን መንበር በግራ ጎኑ አሠሩለት፤ የመቀርቀሪያው እጀታ ሲነሣ መነጽሩን እንዳይመታም እጀታውን አርዝመው ወደ ታች ቀለበሱት።

ክላሽ ግን ከታች በካርታ የሚጎርስ ስለሆነ የጋራንድ ምክንያት አይመለከተውም፤ የእርሱ ምክንያት ሌላ ነው። የክላሽ የላይኛው ክዳን ለጽዳት በየጊዜው የሚነሣ ስስ ቆርቆሮ ነው፤ በተነሣና በተመለሰ ቁጥር በጥቂቱ ይዛወራል፤ በቆርቆሮው ላይ የተቀመጠ መነጽርም አብሮ ይዛወርና ትናንት ዒላማውን የመታው ዛሬ ይስተዋል። የብረቱ ገላ ግን አይነሣም፣ አይንቀሳቀስም፤ በእርሱ ጎን የተጣበቀ ሐዲድ የጠመንጃው አካል ሆኖ ይኖራል። በዚሁ ምክንያት ሶቪየቶች እ.ኤ.አ. በ1963 የተቀበሉትን ድራጉኖቭ የተባለውን የአልሞ ተኳሽ ጠመንጃ ከነጎን ሐዲዱ ሠሩት፤ እ.ኤ.አ. ከ1991 ወዲህ የወጣው ኤኬ 74 ኤም የተባለው ክላሽም ሐዲዱን ከፋብሪካው ይዞ የሚወጣ ሆነ። በአገራችንም፣ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ከተሠራበት ቦታ ጋር ስሙን የሚጋራው የጋፋት የጦር መሣሪያ ፋብሪካ የሚሠራው ኢቲ 97/1 የተባለው ጠመንጃ ኤኬ 103 የተባለው ክላሽ አምሳያ ነው፤ ኤኬ 103 ደግሞ በግራ ጎኑ ሐዲድ ይዞ የተነደፈ መሣሪያ ነው። ቀድሞ በብዛት የገቡት ክላሾች ግን አብዛኞቹ ያለ ሐዲድ የተሠሩ ናቸውና፣ ሁለቱን ከርቀት አይቶ አንድ ናቸው ማለት ስሕተት ነው፤ የግራ ጎናቸውን መመልከት ያስፈልጋል።

ሐዲድ ለሌለው ጠመንጃ ሐዲድ የሚመርጥ ሰው ከሁሉ በፊት የሚመለከተው የሐዲዱን ጥንካሬና የሚጣበቅበትን መንገድ ነው። ለስላሳ ብረት መንበሩ በተቆለፈና በተፈታ ቁጥር እየተፋቀ ስለሚሄድ ዕድሜ የለውም። በብሎን የሚጣበቀው ዓይነት ለመግጠም ይቀላል፤ ነገር ግን የተኩሱ ነውጥ ብሎኑን ቀስ በቀስ ያላላዋልና በየጊዜው መፈተሽን ይጠይቃል፤ በሪቬት የተመታው ይበልጥ ይጸናል፤ ሆኖም ከተሳሳተ ማረሚያው አስቸጋሪ ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ሐዲዱ ከአፈሙዙ መሥመር ጋር ትይዩ ሆኖ መቀመጥ አለበት፤ በጥቂት ያዘነበለ እንደ ሆነ የመነጽሩ ማስተካከያ ያንን ጥመት ለማቃናት ብቻ ተጠምዝዞ ያልቅና ለርቀትና ለነፋስ የሚሆን ቦታ አይተርፈውም። የጠመንጃው ገላ እሳት ያየና የጠነከረ ብረት ስለሆነ መብሳቱ የሠለጠነ ባለሙያንና ተገቢውን መሣሪያ የሚሻ ሥራ ነው፤ ማንም በቤቱ በእጅ መሰርሰሪያ እንዲጀምረው አልመክርም።

ቀጥሎ ያለው የመንበሩ ምርጫ ነው። መነጽሩን በአፈሙዙ ትክክል በላይ የሚያስቀምጥ መንበር ከተገኘ እርሱ ይመረጣል፤ ወደ ጎን ያወጣው እንደ ሆነ ግን የማየቱ መሥመርና የጥይቱ መሥመር በአንድ ርቀት ብቻ የሚገናኙ ይሆናሉ። መነጽሩ ከአፈሙዙ መሥመር 2 ሳንቲ ሜትር ወደ ግራ ወጥቶ፣ በ100 ሜትር ላይ ዒላማውን እንዲመታ ቢስተካከል፣ በ50 ሜትር ጥይቱ 1 ሳንቲ ሜትር ወደ ቀኝ፣ በ200 ሜትር ደግሞ 2 ሳንቲ ሜትር ወደ ግራ ያርፋል። ልዩነቱ ለብዙ ሰው ምንም ነው፤ ለጠንቃቃ ተኳሽ ግን ማወቁ ይበጃል። ከመነጽሩ በታች የብረት ማነጣጠሪያውን አሳልፎ የሚያሳይ መንበርም መልካም ነው፤ መስተዋቱ በጉም ወይም በዝናብ ሲሸፈን ተኳሹ ወደ ቀድሞው ማነጣጠሪያ ይመለሳልና።

አሁን ልቤ ወደሚቆረቆርበት ነገር እመጣለሁ። ከአገራችን የጦር ግምጃ ቤቶች ብዙ አሮጌ ጠመንጃዎች ባለፉት ዓመታት በአሜሪካን ነጋዴዎች ተገዝተው ወጥተዋል፤ ከእነዚህም መካከል ከቤልጅግና ከቼኮስሎቫኪያ የመጡ ማውዘሮች፣ የጣልያን ካርካኖዎችና ቬተርሊዎች፣ የዐድዋን ዘመን የሚያስታውሱ ውጅግራዎችም አሉ። በባሕር ማዶ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ከእነዚህ አንዱን በሕጋዊ መንገድ ገዝቶ የአባቶቹን ዕቃ ወደ ቤቱ መመለሱ የሚያስደስት ነገር ነው። ነገር ግን የዘውድ ምልክት ወይም የአማርኛ ፊደል በተቀረጸበት ገላ ላይ ለሐዲድ ሲባል መሰርሰሪያ ማኖር፣ ዳግመኛ የማይጻፍን ጽሑፍ መፋቅ ነው ብዬ አምናለሁ። የተበሳ ቀዳዳ ቢደፈንም ይታወቃል፤ መሣሪያውም ከዚያ ወዲያ የታሪክ ምስክርነቱ ይጎድላል። እንዲህ ባለ ጠመንጃ ላይ መነጽር የግድ ካስፈለገ፣ የኋለኛውን የብረት ማነጣጠሪያ አንሥቶ በእርሱ ቦታ የሚቀመጥና ገላውን የማይበሳ መንበር አለ፤ ለዚህም ከዓይን ራቅ ብሎ የሚታይበት ልዩ መነጽር ይደረግለታል። የተነሣው ማነጣጠሪያ በጥንቃቄ ከተቀመጠ ጠመንጃው በማናቸውም ጊዜ ወደ ጥንተ መልኩ ይመለሳል።

በአገር ውስጥ ላለ ሰው ደግሞ ሕጉ ይቀድማል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያን መያዝን በፈቃድ ሥር ያደረገ ስለሆነ፣ መነጽርም ሆነ ሐዲድ ከመግዛቱና ገላውን ከማስነካቱ በፊት፣ ፈቃዱን ይዞ የሚመለከተውን የፖሊስ ክፍል መጠየቅ ይገባዋል፤ ሥራውንም ለዚሁ ለተፈቀደለት ባለሙያ ብቻ ይስጥ። ሐዲዱ ከተገጠመና መንበሩ ከተቆለፈ በኋላ ባለሙያው ጥቂት ጥይት ተኩሶ ዒላማውን ያስተካክላል፤ መንበሩን ፈትቶ፣ እንደገና ቆልፎ፣ ሁለተኛ ይተኩሳል፤ የሁለተኛው ምት ከመጀመሪያው ቦታ ከራቀ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ በመነጽሩ ሳይሆን በመቆለፊያው ጭብጥ ወይም በሐዲዱ ብሎኖች ነውና፣ ባለቤቱ መነጽሩን ከመለወጡ በፊት እነዚህን ሁለቱን ያስመርምር።