ከለገሃር እስከ ለቡ

ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ፈረንሳዮቹ ጣቢያውን «ላ ጋር» ቢሉት፣ የከተማው ሰው ለአፉ አመቻችቶ «ለገሃር» አለው። ከዚያ ወዲህ መንገድ ጠያቂውም አመልካቹም መነሻው ለገሃር ሆነ፤ መንገደኛውም ከከተማዋ እምብርት ተሳፍሮ ድሬዳዋ ይወርድ ነበር።

አሮጌው ባቡር ከአዲስ አበባ ከቀረ ከዓመታት በኋላ፣ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ለቡ ላይ ተመረቀ። የሐዲዱ ስፋት ከ1 ሜትር ወደ 1.435 ሜትር አደገ፤ ፍጥነቱም ጨመረ። ዳሩ ግን ተሳፋሪው አስቀድሞ ወደ ከተማዋ ዳር መውጣት ግድ ሆነበት።

ቅሬታው አዲሱ ስለከፋ አይደለም፤ እግር የለመደው መንገድ ራሱ ዕውቀት ስለሆነ እንጂ። እንዲህ ያለው ዕውቀት በመሐንዲስ ንድፍ ላይ አይሰፍርም። በስልካችን የለመድነው የመንገድ ካርታ በሌላ ሲተካ የሚያበሳጨንም ይኸው ነው።

ዛሬም የታክሲ ረዳቱ «ለገሃር! ለገሃር!» እያለ፣ ባቡር ወደማይመጣበት ጣቢያ ሰው ይጠራል።