ማዘጋጃ ቤት በማን ገንዘብ ይሠራል?

ማዘጋጃ ቤት የከተማ ሕዝብ የጋራ ቤት ነው። ስለዚህ ቤቱ ሲያረጅና አዲስ ይሠራ ሲባል፥ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ለእኛ ለተማሪዎችም ይገባናል።

በ1937 ዓ.ም. የወጣው የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 74፥ ከተሞች ከቤትና ከቦታ ግብር፥ ከንግድ ፈቃድና ከልዩ ልዩ አገልግሎት ገቢ እንዲሰበስቡ ፈቀደ። በከተማው ሸንጎ ከሹማምንቱ ጋር የሚቀመጡት ግን ቤትና ቦታ ያላቸው ነዋሪዎች ነበሩ። ተከራይቶ የሚነግደው ሰው የፈቃዱን ዋጋ ቢከፍልም በምክሩ አይገባም ነበር።

ስለ ማርጀት የአዲስ አበባው ማዘጋጃ ቤት ምሳሌ ይሆነናል። ይህ ሕንፃ በኢጣሊያዊው አርክቴክት በአርቱሮ ሜዘዲሚ ንድፍ፥ ከ1953 እስከ 1957 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፥ በቸርችል ጎዳና ራስ ላይ ተሠራ። ከ50 ዓመት በላይ ካገለገለ በኋላም አልፈረሰም፤ ታደሰ እንጂ።

የባሌ ታሪክ ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጠናል። ጎባ የባሌ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ነበረች፤ ዛሬ የባሌ ዞን መቀመጫ 14 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ሮቤ ናት። መቀመጫ ሲዛወር ሹሙና መዝገቡ ይሄዳሉ፤ በሕዝብ ገንዘብ የቆመው ግንብ ግን በቦታው ይቀራል።

እንግዲህ የመሠረት ድንጋይ ከመጣሉ በፊት ይህ ይጠየቅ፦ አሮጌው ሊታደስ አይችልምን? ወጪውስ ስንት ነው? ከፋዩስ ተማክሯልን? ዛሬ ግብሩን የሚከፍሉት ወላጆቻችን ናቸው፤ ነገ ግን እኛው ነን።